ቀዩን እይ፣ ቀዩን ያዝ፦ ፓራሹት መዝለል ለምትጀምሩ

አዳማ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ አለ። ካለፈው ወር ጀምሮ ከዛፉ ሥር የአክስቴ ልጅ የተማሪ ቦርሳ አዝላ፣ በርጩማ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ እጅና እግሯን አየር ላይ ዘርግታ ስታጉተመትም ያየ ጎረቤት ሁሉ ግራ ተጋብቷል። ቦርሳው ማንገቻ ላይ በቀኝ በኩል ቀይ ጨርቅ፣ በግራ በኩል ደግሞ ፎይል የተጠቀለለበት የመጋረጃ ቀለበት ተለጥፏል። የተለጠፉበትን ቬልክሮ፣ ማለትም ሲሳብ የሚላቀቀውን ተለጣፊ ጨርቅ፣ የሰፋልን ፍራንኮ አካባቢ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። «ለምን ፈልጋችሁት ነው?» ሲለን «ከአውሮፕላን ለመዝለል» አልነው። ስቆ ሲያበቃ «እንግዲያው እጀታውን ደርቤ ልስፋው» አለ። እጀታው ሲሳብ መላቀቅ ያለበት ነገር መሆኑን ለማስረዳት ሻይ ጠጥተን መነሳት ነበረብን።

ልጅቷ እንዲህ የተለማመደችው ኬንያ፣ ዲያኒ ባሕር ዳርቻ ሄዳ የዝላይ ኮርስ ልትወስድ ስለነበር ነው። እኔ የተማርኩት ዓረብ አገር ለሥራ በነበርኩበት ጊዜ ነው። እስካሁን 41 ጊዜ ዘልያለሁ፤ ይህ ቁጥር ዘላዮች መካከል ስትናገረው የሚያስከብር አይደለም። አስተማሪም አይደለሁም። ይህን የምጽፈው እሷን ሳለማምድ የገባኝ ነገር ስላለ ነው፦ እኔን በጊዜው ያስቸገረኝ ድፍረት ማጣት ሳይሆን ውሳኔ ማሳደር ነበር። እዚህ ያነበባችሁት ነገር አስተማሪያችሁ ካለው ጋር ከተጋጨ ደግሞ የአስተማሪያችሁን ያዙ። የፓራሹት ዓይነትና የትምህርት ቤት አሠራር ይለያያል፤ ከሁለት ቦታ የተቃረመ ልማድ ሰማይ ላይ እጅን ያስራል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባይከፈትስ?» ነው። ጀርባህ ላይ ያለው አንድ ሳይሆን ሁለት ፓራሹት ነው። ዋናው በየቀኑ የሚታጠፈው ነው። መጠባበቂያውን የሚያጥፈው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ ማንም ባይጠቀምበትም በየ180 ቀኑ ተፈትቶ፣ ተፈትሾ እንደገና ይታጠፋል። የአሜሪካ የዘላዮች ማኅበር ባወጣው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያ አገር 3.65 ሚሊዮን ገደማ ዝላይ ተደርጎ የሞቱት 10 ሰዎች ናቸው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «አሥሩም እናት ነበራቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር እየጠራሁ ማንንም ለማሳመን አልሞክርም።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሙሉውን መሬት ላይ ነው። ጠዋት ገብተህ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትወጣለህ፤ ግማሹ ቀን የሚሄደው ምናልባት በሕይወትህ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያጋጥምህ ነገር ላይ ነው። እኔ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሌሊት ፈረቃ ሠርቼ በማግስቱ ሄጄ ነው፤ እናንተ እንዲህ አታድርጉ።

መጀመሪያ የሚገባችሁ ነገር ከፍታ ማለት ሰዓት ማለት መሆኑ ነው። ከአውሮፕላኑ የምትወጡት 13 ሺህ ጫማ አካባቢ፣ ማለትም ወደ 4 ሺህ ሜትር ላይ ነው። ሆዳችሁን ወደ መሬት አድርጋችሁ ስትወርዱ ፍጥነታችሁ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት አንድ ሺህ ጫማ የሚያልቀው በአምስት ሰከንድ ተኩል ነው። ተማሪ ዋናውን ፓራሹት የሚስበው 5,500 ጫማ ላይ ነው። ተከፍቶ እስኪረጋጋ ሰባት መቶ፣ ስምንት መቶ፣ አንዳንዴም አንድ ሺህ ጫማ ይበላል። ከዚያ ትልቁ ቁጥር ይመጣል፦ 2,500። የተከፈተው ነገር ይብረር አይብረር፣ እዚያ ከፍታ ላይ ስትደርሱ ጉዳዩ ተቆርጦ፣ እጃችሁም ሥራ ጀምሮ መገኘት አለበት። በዚህኛው ቁጥር ድርድር የለም። ምንም ሳይከፈት 2,500 ላይ ከደረሳችሁ ከመሬት የሚለያችሁ 14 ሰከንድ ነው። አንድ ሰው ስልክ ሲደወልለት ከኪሱ አውጥቶ፣ ማን እንደሆነ አይቶ፣ «ሄሎ» እስኪል የሚፈጅበትን ጊዜ አንድ ቀን ለኩት።

ሌላው ቁጥር 1,000 ነው። ከዚያ በታች ዋናውን ጥሎ መሄድ የለም፤ መጠባበቂያው ለመከፈት ቦታ አይኖረውም። እዚያ የደረሰ ተማሪ ያለው ምርጫ መጠባበቂያውን ከነበረው ላይ መጨመር ብቻ ነው።

የከፍታ መለኪያው፣ አልቲሜትሩ፣ እንደ ሰዓት ግራ እጅ ላይ ይታሰራል። የሚነበበው ከባሕር ጠለል ሳይሆን ከምታርፉበት ሜዳ ነው፤ ጠዋት መሬት ላይ ዜሮ ይደረጋል። የአክስቴን ልጅ አዳማ ላይ ሆነን ስናለማምድ የገረማት ይህ ነበር። እኛ ቆመን የምንነጋገርበት ግቢ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ ዲያኒ ደግሞ ባሕሩ ዳር ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ፓራሹትም ፈጠን ብሎ ያርፋል፤ ለጀማሪ እግር የባሕሩ ዳር ይሻላል።

አሁን ወደ እጀታዎቹ እንምጣ። ደረት ላይ በቀኝ በኩል ያለው ብዙ ጊዜ ቀይና እንደ ትንሽ ትራስ ለስላሳ ነው፤ ዋናውን ፓራሹት ይለቅቃል። በግራ ያለው ብዙውን ጊዜ ብርማ ብረት ነው፤ መጠባበቂያውን ይከፍታል። ዘላዮች ዋናውን መልቀቅ «መቁረጥ» ይሉታል እንጂ የሚቆረጥ ገመድ የለም። በትከሻ ላይ ያለው መያዣ ሦስት ቀለበቶች እርስ በርስ የተሰካኩበት ነው፤ ትልቁ ውስጥ መካከለኛው፣ መካከለኛው ውስጥ ትንሹ፣ ትንሹ ላይ ቀጭን የገመድ ቀለበት፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ አንድ ቢጫ ሽቦ። እያንዳንዱ ቀለበት የተሸከመውን ክብደት ቀንሶ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ ስለዚህ ከላይ አንድ ሰው የሚያህል ነገር ተንጠልጥሎ ሳለ ሽቦው በአንድ እጅ ይወጣል። ሽቦው ሲወጣ ሁሉም በየተራ ይፈታል። ይህን ያወጣው ቢል ቡዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ። እኔ ለልጅቷ ያሳየኋት በእናቴ አምባር፣ በጋብቻ ቀለበቷና በቁልፍ መያዣ ነው። አንድ ጊዜ ካየችው በኋላ «ባይላቀቅስ?» ማለት ተወች። የእናቴ ቀለበት ግን ሣር ውስጥ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ፈለግነው።

ቅደም ተከተሉ በቃል ይጠናል። እኔ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ እደግመው ነበር፤ የማላውቀው ቃልም አልነበረውም። ችግሩ የታየው መታጠቂያው ላይ ሲሰቅሉኝ ነው። ከጣሪያ በተንጠለጠለ መታጠቂያ ውስጥ አስገብተው፣ እግርህ መሬት ሳይነካ፣ ድንገት የተበላሸ ፓራሹት ፎቶ ከፊትህ ይደቅኑብሃል። እኔ ፎቶውን አየሁ፣ በአማርኛ «ኧረ ይሄ ተጠምዟል» አልኩ፣ ከዚያ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ፈለግኩ፣ ከዚያ እጄን ላክሁ። አስተማሪዬ ሰዓት ይዛ ነበር። «ሞተሃል» አለችኝ፣ ሳትስቅ። በሁለተኛውም ሞትኩ። በሦስተኛው ግራና ቀኝ አምታታሁና መጠባበቂያውን በተበላሸው ላይ ከፈትኩት።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በአማርኛ ገለበጥኩት፦

ቀስት ሁን። ቀዩን እይ፣ ቀዩን ያዝ። ብሩን እይ፣ ብሩን ያዝ። ቀዩን ንቀል። ብሩን ንቀል። ቀስት ሁን።

ቀስት መሆን ማለት ሆድን ወደ ፊት ገፍቶ፣ አንገትንና እግርን ወደ ኋላ ማጠፍ ነው፤ ገላህ ተረጋግቶ መጠባበቂያው ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ነው። «እይ» የሚለው ለጌጥ አልገባም፤ ሳያዩ የሚዳስስ እጅ የመታጠቂያውን ቀበቶ ይዞ ይታገላል። «ንቀል» ያልኩትም አስቤበት ነው። እጀታው በቬልክሮ የተያዘ ስለሆነ መጀመሪያ ከሥሩ ይላቀቃል፣ ከዚያ ክንድ እስኪዘረጋ ድረስ ወደ ታች ይገፋል። ወደ ፊት ለፊት የሚጎትት ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በማግስቱ ሲሰቅሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ ቢያነቁኝም የምለው ነገር አፌ ላይ ነበር። አስተማሪዬ ምን እያልኩ እንደሆነ አልገባትም፤ እጄን ግን አየች።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፦ ኮርሱ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ትእዛዙን ሕልም በምታዩበት ቋንቋ ገልብጡት። አስተማሪያችሁ ፊት በእሱ ተለማመዱ፤ እጃችሁ ትክክል መሆኑን እነሱ ያረጋግጡላችኋል።

ፎቶዎቹን በተመለከተ ብዙ ስም ትሰማላችሁ፤ ስም መሸምደድ ግን የፈተና ነገር ነው። እኔ የምለያቸው በሦስት ነው። አንደኛው፣ ከራስ በላይ ምንም የለም፦ ዋናውን የሚከፍተው እጀታ አልተገኘም፣ ወይም ተስቦም ትንሿ መሳቢያ ፓራሹት ዋናውን ከጀርባ አላወጣችውም። ሁለተኛው፣ የሆነ ነገር ወጥቷል ግን ፓራሹት አልሆነም፦ ከከረጢቱ ያልወጣ፣ እንደ ተጠመዘዘ ነጠላ የሚውለበለብ፣ ገመድ በላዩ ላይ ያለፈበት። እነዚህ ሁለቱ የሚመረመሩ አይደሉም፤ ለመጀመሪያው ዓይነት አንዳንዱ ቦታ በቀጥታ ወደ ብሩ እጀታ ሂድ ይላል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ያስስባል፤ የራሳችሁን ጠይቁና ያንኑ አጥብቁ። ሦስተኛው ነው ተንኮለኛው፦ ፓራሹት የሚመስል ነገር አለ፣ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ገመዱ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፤ በእግርህ ብስክሌት እንደመንዳት እየረገጥክ ትፈታዋለህ። ጫፍ ላይ ያሉት ኪሶች አየር አልሞላቸው ይሆናል፤ ፓራሹቱ የሚነዳባቸውን ሁለቱን የመሪ እጀታዎች እስከ ዳሌህ ስበህ ትይዛለህ፣ ትለቃለህ። የሚጠየቀው አራት ማዕዘን ነው ወይ፣ ረግቷል ወይ፣ ግራና ቀኝ ይታዘዛል ወይ፣ ሲስቡት ፍጥነት ይቀንሳል ወይ ነው። ለአንዱ መልሱ «አይ» ከሆነና ሁለት ሙከራ ካልፈታው፣ ያ ጨርቅ ዋና ፓራሹትህ መሆኑ አብቅቷል።

ሁለት ሙከራ። እኔ አራት ሞከርኩ።

11ኛ ዝላዬ ነበር። በ5,500 ሳብኩ፣ ቀና ስል ጨርቁ ተዘርግቷል፤ ደስ አለኝ። በቀኝ በኩል ግን አራት አምስት ገመድ አንድ ላይ ተጠልፎ ሹሩባ መስሏል። ጨርቁ እዚያ ጋ ተጨማዶ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ። የመሪ እጀታዎቹን ይዤ እስከ ዳሌዬ ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ሹሩባው አልተነቃነቀም። ደገምኩ። ዙሩ ፈጠነ። እዚህ ላይ ነበር ማብቃት የነበረበት። ግን ከላይ ያለው ነገር ሰማያዊና ነጭ፣ ሰፊ፣ የሚያምር ፓራሹት ነው፤ አንዲት ቋጠሮ ብቻ ናት የቀረችው። ጫማ ሲያስሩ እንደተወሳሰበ ክር፣ «ትንሽ ብጎትተው ይፈታል» ያሰኛል። ሦስተኛ ጎተትኩ። አራተኛ ስጎትት ደም ወደ እግሬ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር፤ መሬቱ እንደ ምጣድ ላይ እንጀራ ዙሪያዬን ይዞራል። ያን ጊዜ አልቲሜትሬን አየሁ። በልቤ ገና አራት ሺህ ላይ ነኝ ብዬ ነበር፤ የሚለው 3,100 ነው።

ቀስት ሁን አልኩ፣ ቀዩን አየሁ። ቀኝ እጄ ወደ ቀዩ ሲሄድ የሆነ ነገር ወደ ላይ ያዘኝ። የመሪው እጀታ ነው፤ የመያዣው ማሰሪያ እጄ አንጓ ድረስ ገብቷል። መሬት ላይ ስንለማመድ እጄ ሁልጊዜ ባዶ ስለነበር ይህን አንድም ቀን አላደረግሁትም። አራግፌ አወጣሁት። ቀዩን ያዝኩ፣ ብሩን አየሁ፣ ያዝኩ፣ ቀዩን ነቀልኩ። ዙሩ በአንድ ጊዜ ቆመ፤ ሆዴ ወደ ጉሮሮዬ መጣ፤ ጸጥታ ሆነ። ብሩን እስክነቅል መጠባበቂያው እየተከፈተ ነበር፤ ዋናው ሲለቅ መጠባበቂያውን ራሱ የሚስብ ማሰሪያ ነበረው። ያም ሆኖ ብሩን ነቀልኩት፤ እንዲህ ነው የሚደረገው። ማሰሪያው ሠርቶልኛል ብሎ መጠበቅ የለም።

ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳይ 2,500 አካባቢ ነበርኩ። አረፍኩ። አስተማሪዬ በመኪና መጣች፤ እቅፍ አድርጋ «እንኳን ተረፍክ» ትለኛለች ብዬ ነበር። የጠየቀችኝ «ስንት ጊዜ ሞከርክ?» ብላ ነው። ነገርኳት። የዝላይ መዝገቤን ሰጥታኝ በእጄ «4 ሙከራ፣ 3,100» ብዬ እንድጽፍ አደረገችኝ። እዚያ ገጽ ላይ ሌላ ምንም የለም።

በዘላዮች ልማድ መጠባበቂያህን ላጠፈው ሰው አንድ ጠርሙስ መጠጥ ይሰጣል። ያ ሰው አልኮል ስለማይጠጣ ከቤት የተላከልኝን የይርጋጨፌ ቡና ወሰድኩለት። ቀዩን እጀታ እንደጨበጥኩት አርፌያለሁ፤ ብርማው እጀታ በረሃ ውስጥ ቀረ፣ ዋጋውንም ከፈልኩ።

ከዚህ የተነሳ የአክስቴ ልጅ ስትለማመድ በሁለቱ እጆቿ የገመድ ቁራጭ ታስጨብጣት ዘንድ እናቴን መድቤ ነበር። ልጅቷ ገመዱን ጣል ሳታደርግ ወደ ቀዩ ከሄደች እናቴ «ጣይው!» ትል ነበር። በጣም ወዳው ነበር ይህን ሥራ። አንዳንዴ ወጥ እያማሰለች ከማድ ቤት ትጮህ ነበር፤ ያም ጥሩ ነው፣ ድንገት መሆን አለበት።

ስለ ማሽኑም ላንሳ። ከታጠፈው ፓራሹት ጋር የሚገባ፣ ማንም እጀታ ባይስብ መጠባበቂያውን ራሱ የሚከፍት መሣሪያ አለ፤ በብዛት የሚታወቀው ጀርመን ሠራሹ ሳይፕረስ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ። የተማሪው ዓይነት በሰከንድ ከ13 ሜትር በላይ እየወረድክ አስቀድሞ የተወሰነለት ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ከደረስክ ይሠራል። ብዙ ነፍስ አትርፏል። ግን ግማሽ የተከፈተ፣ ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ፓራሹት ከዚያ ፍጥነት በታች ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ዝም ይላል። እንዲያውም አንዳንዴ የሚከፍተው አንተ በዘገየህበት ሰዓት ነውና ሁለት ፓራሹት በአንድ ጊዜ ከላይህ ልታገኝ ትችላለህ። ሁለቱ ፊትና ኋላ ወይም ጎን ለጎን ተረጋግተው ከበረሩ አይነኩም፤ ቀስ ተብሎ ይታረፋል። ተለያይተው ሁለቱም ወደ መሬት ከተምዘገዘጉ ዋናው ይለቀቃል። ይህንንም ከአስተማሪ ጋር በፎቶ ደጋግሙት።

አስተራረፉን ያስተማሩን ሰፈራችን ያሉት ጡረተኛ አየር ወለድ ናቸው፤ ሁላችንም ሃምሳ አለቃ ነው የምንላቸው። የእሳቸው ዘመን ጃንጥላ ክብ ነበር፤ መሪ የለውም፣ ያረፍክበት ነው ያረፍክበት። ልጅቷ በርጩማ ላይ ቆማ ስትዘል አይተው በአጥሩ ላይ «እግር ግጠሚ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይመጡ ነበር። እግርና ጉልበት ተገጥሞ፣ ጉልበት ለስለስ ብሎ፣ መጀመሪያ የእግር መዳፍ ፊተኛው ክፍል፣ ቀጥሎ የባት ጎን፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ከዚያ የጀርባ ሥጋ፤ እንደ ተገፋ በርሜል መንከባለል። እጅ መሬት መደገፍ የለበትም። «እጅህን ከዘረጋህ አንጓህን ለሐኪም ታበረክታለህ» ይላሉ። በሰባኛው ዕድሜያቸው አንዴ ከበርጩማው ወርደው አሳዩን፤ አቧራቸውን እያራገፉ ሲነሱ ጎረምሶቹ አጨበጨቡ።

ብዙ አጥንት የሚሰበረው ደህና በተከፈተ ፓራሹት ሥር መሆኑን ሰው አያምንም። ጀማሪው ዝቅ ብሎ ሳለ ነፋሱ ከኋላው መሆኑን ያያል፣ ደንግጦ አንዱን መሪ እስከ ታች ይስባል፤ ፓራሹቱ እየዞረ ወደ መሬት ይጠልቃል። ዝቅ ካላችሁ በኋላ ነፋሱ ከየትም ይምጣ ቀጥ ብላችሁ ሁለቱንም መሪ እኩል ስቡና እግር ገጥማችሁ ተንከባለሉ። ነፋስን ፊት ለፊት ማረፍ ጥሩ መሆኑን ለልጅቷ ያሳየኋት ከተማዋ ዳር ኮረብታው ላይ ባሉት የነፋስ ተርባይኖች ነው። ሁሉም ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ እይ፣ ወደዚያ ነው የምታርፊው አልኳት። አዳማ እንዲህ ያለ ነፋስ እያላት ለምን እዚህ አይዘለልም ለሚሉኝም መልሱ እዚያው ነው፤ በአሜሪካው ማኅበር ደንብ ለተማሪ የተፈቀደው የመሬት ነፋስ በሰዓት እስከ 14 ማይል፣ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ውኃ ላይ መውደቅን ሶደሬ ገንዳ ሄደን ቦርሳውን አዝላ ሞከርነው። የደረት ቀበቶ አየር ላይ ይላላል፤ ሌላው የሚፈታው እግር ውኃ ከነካ በኋላ ነው። ከላይ ሆኖ የውኃን ርቀት መገመት አይቻልም፤ «ደረስኩ» ብሎ ከፍ ካለ ቦታ ራሱን የሚለቅ አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ከሆነ ደግሞ እግር ገጥሞ፣ ከሽቦው ጋር ጎን ለጎን ሆኖ መውረድ፣ ከተንጠለጠሉ በኋላም መብራት ኃይል መጥቶ መስመሩ መጥፋቱን እስኪያረጋግጥ ማንንም «አትንኩኝ» ማለት ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ችግር ቢፈጠር ለተማሪ ቀላል ነው፦ ከ1,000 ጫማ በታች ሄልሜት አጥልቆ፣ ቀበቶ አስሮ ከአውሮፕላኑ ጋር ማረፍ፤ ከዚያ በላይ አስተማሪው ያለውን ብቻ ማድረግ።

ከመውጣታችሁ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ሦስት ሦስት ነው፦ ሦስቱ ቀለበቶች በሁለቱም ትከሻ፣ ሦስቱ ቀበቶዎች፣ ማለትም ደረትና ሁለት እግር፣ ሦስቱ እጀታዎች፣ ማለትም ዋናውን የሚከፍተው፣ ቀዩና ብሩ። ይህን ሌላ ሰው ሲያይላችሁም ራሳችሁ በእጃችሁ ዳስሱ። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ከዋጋው በፊት «ስንት ጊዜ ትሰቅሉናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዴ ሰቅለው «ጎበዝ» ብለው የሚያወርዱ ከሆነ፣ ድጋሚ ስቀሉኝ በሉ፤ የከፈላችሁት ለዚያም ነው። ከመጀመሪያው ኮርስ በኋላ አንድ ሁለት ወር ከጠፋችሁ ደግሞ ሳታፍሩ ከመታጠቂያው ጀምሩ። እኔ ሁልጊዜ ሠራተኛው ገና ቡና ሲጠጣ ደርሼ «እስቲ ስቀለኝ» የምል ሰው ሆኛለሁ፤ ቅጽል ስምም ወጥቶልኛል፣ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሐሙስ ዲያኒ ገባች። ትናንት ማታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሰቅለዋታል። በመጀመሪያው ፎቶ ወዲያው እጆቿን አራገፈች፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ብር። አስተማሪው «ምንም አልሰጠሁሽም፣ ምን ነበር የጣልሽው?» ብሎ ጠየቃት። «እናቴ ገመድ ታስይዘኝ ነበር» አለችው፤ አክስቷን ነው እናቴ የምትለው። ምን እያልሽ ነበር ሲላት ደግሞ በአማርኛ ነገረችው፤ «ቀዩን እይ» የምትለዋን አሁን እሱም ይላታል አለችኝ። ገና አልዘለለችም። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ከልክ በላይ ስለሆነ ለሁለተኛ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።